ከኢቤይ ጨረታ ገዝቶ ወደ አገር ቤት መላክ፦ ገንዘብ የሚቀልጠው የት ጋ ነው?

አሜሪካ የምንኖር ብዙዎቻችን ለወንድም፣ ለእህት ወይም ለተማሪ ዘመድ ያገለገለ ላፕቶፕና ስልክ ኢቤይ ከተባለው የኢንተርኔት ገበያ እንገዛለን። ዕቃው ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ይደርሳል። ካርቶኑ ሳይከፈት ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ሁለት ሦስት ወር ይቀመጣል። አዲስ አበባ ደርሶ ሲበራ የማያውቁት ድርጅት አካውንት ይጠይቃል፣ ወይም ባትሪው ግማሽ ሰዓት አይዝም። ሻጩ ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ኢቤይ ደግሞ ጊዜው አልፏል ብሎ ይመልሳል። ይህ ዓይነቱ ነገር እየተደጋገመ የሚሰማ ነው፤ አብዛኛውን ግን አስቀድሞ መከላከል ይቻል ነበር።

ስለዚህ ዋናውን ነገር በቅድሚያ ልናገር። የኢቤይ የገዢ ዋስትና፣ ማለትም ዕቃው ካልደረሰ ወይም ከመግለጫው ጋር ካልገጠመ ገንዘብ የሚያስመልሰው፣ የሚጸናው ዕቃው መጀመሪያ በተላከበት አድራሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በሻንጣም ሆነ በካርጎ ወደ ሌላ ቦታ ከተላለፈ ዋስትናው ቀረ። ጊዜውም ዕቃው ከደረሰበት ወይም በመጨረሻ ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ብቻ ነው። ዴላዌር የሽያጭ ታክስ የለም ተብሎ እዚያ ወዳለ የካርጎ መጋዘን በቀጥታ የሚላክ ዕቃም ከዚሁ አያመልጥም፤ ሜሪላንድ ላይ የሚከፈለውን 6 በመቶ ለማዳን ሲባል ሙሉ ዋስትናው ይሄዳል። መጋዘኑ ውስጥ ዕቃውን አብርቶ የሚያይላችሁ ሰው የለማ! በእኔ እምነት 15 ዶላር ታክስ ከፍሎ ዕቃውን በራስ እጅ ፈትሾ መላክ ይሻላል።

ወደ ጨረታው ልግባ። ኢቤይ በ1995 ሲጀመር ነገሩ ሁሉ ጨረታ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው ዕቃ በቁርጥ ዋጋ ይሸጣል። ከድርጅቶች የወጡ ላፕቶፖች፣ ካሜራና ሌንስ፣ የሙዚቃ መሣሪያና መለዋወጫ ላይ ግን ጨረታው አሁንም ሞቅ ያለ ነው። ርካሽ ዕቃ የሚገኘውም «ተበላሁ» የሚባለውም እዚያው ነው።

ብዙ ሰው የማይገባው የጭማሪው አሠራር ነው። የምታስገቡት ቁጥር ጣሪያችሁ ነው። ሲስተሙ ቁጥሩን ለማንም ሳያሳይ ይይዝና ሌላ ተጫራች በመጣ ቁጥር በእናንተ ስም በትንሽ በትንሹ ይጨምርላችኋል። ጭማሪው እንደ ዋጋው ነው፦ ከ25 እስከ 99.99 ዶላር 1 ዶላር፣ ከ100 እስከ 249.99 ዶላር 2.50፣ ከ250 እስከ 499.99 ዶላር 5 ዶላር።

አንድ ቲንክፓድ ላፕቶፕ 180 ዶላር ላይ ቆሟል እንበል። እየመራ ያለው ሰው በስውር ያስገባው ጣሪያ 240 ነው። 200 ስታስገቡ ዋጋው ወዲያው 202.50 ይሆንና ተበልጣችኋል ትባላላችሁ። 220 ስትሉ 222.50 ይሆናል። እልህ የሚይዘው እዚህ ጋ ነው፤ ሰው ዕቃውን ትቶ ከማያውቀው ሰው ጋር ግብግብ ይገጥማል። ዋጋውን ከ180 ወደ 222.50 የሰቀላችሁት እናንተው ናችሁ፤ እስካሁን ያተረፈው ሻጩ ብቻ ነው። 245 ብታስገቡ በ242.50 ትመራላችሁ። 241.37 ብታስገቡም ትመራላችሁ፤ ሙሉ ጭማሪ ባይሞላም የእሱን ጣሪያ አልፋችኋል። ልክ 240 ብትሉ ግን ቀድሞ ያስገባው እሱ ስለሆነ ዕቃው የእሱ ነው። አብዛኛው ሰው ጣሪያውን 200፣ 240፣ 250 እያለ በድፍን ቁጥር ስለሚያስገባ፣ ከድፍኑ ትንሽ ዘለል ያለ ቁጥር መስጠት ብዙ ጊዜ ዕቃውን ያስገኛል።

ኢቤይ ላይ ጨረታው የሚዘጋው በተባለው ሰከንድ ላይ ነው፤ አይራዘምም። ስለዚህ ሦስት ቀን ቀድሞ ዋጋ መስጠት ፍላጎትን ለሰው ከማሳየት ሌላ ጥቅም የለውም። ጣሪያችሁን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሊዘጋ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ቁጥሩን አስገብታችሁ እስከ ማረጋገጫው ገጽ ድረስ ሂዱ፤ ከዚያ ስምንት ወይም ሰባት ሰከንድ ሲቀር አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑት። ከሦስት ሰከንድ በታች ማድረስ ግን አደጋ ነው፤ ኢንተርኔቱ ትንሽ ከዘገየ አለፈ። ይህን ሥራ በእናንተ ፈንታ የሚሠሩ አገልግሎቶችም አሉ፤ የኢቤይ የይለፍ ቃላችሁን የሚጠይቁ ከሆነ እኔ አልመክርም። ጎቭዲልስን በመሰሉ የመንግሥት ንብረት የሚሸጥባቸው ጨረታዎች ላይ ይህ ብልሃት አይሠራም፤ በመጨረሻው ሰዓት ዋጋ ሲጨመር ጨረታው ይራዘማል። እዚያ ደግሞ ከአሸናፊው ዋጋ በላይ የገዢ ኮሚሽን ይታከላል፤ ዕቃውን ካለበት ሄዶ ማንሳትም የገዢው ፈንታ ነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትከታተሉ ሰዓቱን አስሉት። በፓሲፊክ (በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ) አቆጣጠር እሑድ ምሽት 12 ሰዓት፣ በእነሱ አጠራር 6 ሰዓት፣ የሚዘጋ ጨረታ በአዲስ አበባ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው የሚውለው፤ አሜሪካኖቹ በብርዱ ወራታቸው ሰዓት ሲለውጡ ደግሞ ሌሊት 11 ይሆናል። እሑድ ምሽት አሜሪካ ውስጥ ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሆነ ተጫራች ይበዛል። ርካሽ የሚገኘው ሻጩ ሳያስብበት ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት እንዲዘጋ ያደረገው ዕቃ ላይ ነው።

ዋጋ የሚያንሩ የውሸት ተጫራቾች አሉ ወይ? አሉ፤ ሕገ ወጥም ነው። ሻጩ በዘመዱ ወይም በሌላ አካውንቱ ዋጋውን ይሰቅላል። የጨረታውን ታሪክ ስትከፍቱ የተጫራቾቹ ስም ተሸፍኖ ከስሙ ሁለት ፊደል ብቻ ይታያል፤ ስሙን ስትጫኑት ግን ያ ሰው ባለፉት 30 ቀናት ያደረገውን ማጠቃለያ ያሳያችኋል። ከሰጠው ዋጋ ምን ያህሉ በመቶ ለዚህ ሻጭ እንደሆነ እዩ። የግምገማ ነጥቡ ዜሮ ወይም አንድ የሆነ፣ ዋጋ ከሰጠው ውስጥ 90 በመቶው ለዚሁ ሻጭ የሆነ፣ የሰጠውን ዋጋ ደጋግሞ የሰረዘ ሰው ካያችሁ ትታችሁ ውጡ። ተሸንፋችሁ በማግስቱ «አሸናፊው አልከፈለም፣ በእርስዎ ጣሪያ ይውሰዱት» የሚል ሁለተኛ ዕድል ቢመጣም ታሪኩን ሳታዩ አትቀበሉ፤ ያ አሸናፊ ጣሪያችሁን ለማግኘት የገባ ሊሆን ይችላል።

ዋጋ ሰጥቶ መሰረዝ እንደ ልብ አይደለም። 99.50 ለማለት 995 ብላችሁ ከሆነ፣ ሻጩ የዕቃውን መግለጫ በጉልህ ከቀየረ፣ ወይም ሻጩ ሊገኝ ካልቻለ ይፈቀዳል። ከመዘጊያው በፊት 12 ሰዓት ካልቀረ ደግሞ መሰረዝ የሚቻለው ዋጋውን በሰጣችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው።

ጣሪያ ሲወሰን መነሻው የዕቃው ትክክለኛ የገበያ ዋጋ መሆን አለበት። ይህን የሚነግራችሁ «የተሸጡ» የሚለው ማጣሪያ ነው። ሻጮች የሚጠሩትን ዋጋ ሳይሆን ገዢዎች ባለፉት ሦስት ወራት የከፈሉትን ያሳያል። ከዚያ ላይ የመላኪያውንና የታክሱን፣ ቻርጀር ከሌለው የቻርጀሩን፣ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስክ) ከወጣለት የኤስኤስዲውን ቀንሱ፤ የተረፈው ጣሪያችሁ ነው። ላፕቶፑን በ1 ዶላር አስነስቶ ለመላኪያው 45 ዶላር የሚጠይቅ ሻጭ ብዙ ነው።

የዕቃው ሁኔታ የተጻፈበትን መስመር ከሻጩ ቅስቀሳ በላይ እመኑት። ኢቤይ ላይ «ያገለገለ» ተብሎ የተመደበ ዕቃ በኢቤይ በራሱ ትርጉም መሥራት አለበት። ስለዚህ ሻጩ ከታች «እንዳለ ነው የምሸጠው፣ መመለስ የለም» ብሎ ቢጽፍም፣ ካልሠራ የመመለስ መብት አላችሁ። «ለመለዋወጫ ወይም የማይሠራ» ተብሎ ከተመደበ ግን ይህ መከላከያ የለም ማለት ይቻላል። «አልተሞከረም» የሚለው ቃል ደግሞ ያሳስበኛል። ላፕቶፕ ሸጦ የሚያድር ሰው ቻርጀር አጥቶ ሳይሞክረው ቀረ ለማለት ይከብዳል፤ እንደተበላሸ ቆጥራችሁ ዋጋ ስጡ። ያገለገለ ዕቃ ላይ የፋብሪካ ፎቶ ብቻ ከተለጠፈም እለፉት። ርዕሱን እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ «ካርቶን ብቻ» የሚለው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው።

ስልክ ከሆነ አይኤምኢአይ ቁጥሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ስልክ የሚታወቅበትን መለያ ቁጥር፣ ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ ስልክ በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ስለሚወሰድ፣ ዛሬ ንጹሕ (ያልታገደ) የሆነ ቁጥር የመጀመሪያው ባለቤት መክፈል ሲያቆም ከሳምንታት በኋላ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ «ንጹሕ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀና ለማንኛውም ኔትወርክ የተከፈተ መሆኑን ሻጩ በጽሑፍ ይመልስ። አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ ያሉት ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት የሲም ካርድ ማስገቢያ እንደሌላቸውም አትርሱ፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም፣ ነው። ተቀባዩ ይህን ሳያውቅ ተልኮለት ከሲም ማውጫ መርፌ ጋር ሲታገል ማየት ያሳዝናል። የወጥ ቤት ዕቃ፣ ፕሪንተር ወይም አምፕሊፋየር ከሆነ ደግሞ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አስልኩ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ካላለና 120 ብቻ ከሆነ፣ አገር ቤት ባለው 220 ሲሰካ ይቃጠላል።

አሁን ካርቶኑ ደረሰ። በደረሰበት ዕለት ይከፈት። ስልካችሁን አንድ ቦታ አቁማችሁ፣ የመላኪያው ወረቀት እየታየ፣ ሳታቋርጡ ቪዲዮ እየቀረጻችሁ ክፈቱት። መጀመሪያ ሲሪያል ቁጥሩን ከማስታወቂያው ፎቶ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ ላፕቶፑን አብርታችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የመሣሪያው ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ፤ ቲንክፓድ ላይ ሲነሣ ኤፍ1 መጫን ነው። የሱፐርቫይዘር የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ወይም ገብታችሁ አብዛኛው ነገር አልቀየር ካለ፣ የድርጅቱ ቁልፍ አልተነሣም። ይህ ቁልፍ ባትሪ ነቅሎ በመሰካት አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርድ እስከ መቀየር ያደርሳል።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ሻጩ ያዘጋጀው ዴስክቶፕ ተከፍቶ ቢጠብቃችሁም አትመኑት። ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አስጀምሩት፤ ሲያስጀምርም ዋይፋይ ላይ አገናኙት። ላፕቶፑ በቀድሞ ድርጅቱ ስም ማይክሮሶፍት ዘንድ ተመዝግቦ ከቀረ፣ የድርጅቱ ስም የሚወጣውና የሥራ ኢሜይል የሚጠየቀው በዚህ ሰዓት ነው። ያለ ኢንተርኔት ካስጀመራችሁት ምንም አይታይም፤ አዲስ አበባ ላይ አንድ ቀን እንደገና ሲጫን ግን ይወጣል። ማክቡክም እንደዚሁ ነው፤ አጥፍታችሁ ከኢንተርኔት ጋር አስነሡት። የሌላ ሰው አፕል አካውንት ወይም የርቀት አስተዳደር የሚል ገጽ ከመጣ ወዲያው ይመለስ። የቀድሞው ባለቤት ካልለቀቀው ሱቅ ወስዶ ማስከፈት መፍትሔ አይሆንም።

ባትሪውን በስሜት አትገምቱ። ዊንዶውስ ከኮማንድ መስኮት የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ እዚያ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፦ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው። የመጀመሪያው 50,000፣ ሁለተኛው 31,000 ካለ ባትሪው 62 በመቶ ላይ ነው፤ ለተማሪ ከሆነ መቀየሪያውን አብራችሁ አስቡ። ማክቡክ ላይ የሚታየው የዙር ቁጥር፣ ማለትም ባትሪው ስንት ጊዜ ተሞልቶ እንዳለቀ፣ ነው፤ የቅርብ ዓመታቱ ሞዴሎች የተሠሩት ለ1,000 ዙር ነው። ከዚያ የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ፣ ዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን በፍላሽ፣ ካሜራና ማይክራፎኑን፣ ስክሪኑን በነጭና በጥቁር ገጽ እዩ። በመጨረሻም ቻርጀሩን ሰክታችሁ ገመዱን ሥሩ ላይ ወዝወዝ አድርጉት፤ መሙላቱን የሚያቋርጥ ከሆነ ቀዳዳው ላልቷል ማለት ነው።

ችግር ካለ ለሻጩ በኢቤይ መልእክት ብቻ ጻፉ፤ በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም። የመመለሻ ጥያቄ ስትከፍቱ ምክንያቱን በትክክል ምረጡ። «ሐሳቤን ቀየርኩ» ካላችሁ መመለሻውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ ሻጩም እምቢ ሊል ይችላል፤ «ከመግለጫው ጋር አይገጥምም» ካላችሁ መላኪያው የሻጩ ነው። ሦስት የሥራ ቀናት ጠብቃችሁ ካልፈታው ኢቤይ እንዲገባበት ጠይቁ። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ቀጥሎ ባለው ነገር ነው፦ ሻጩ «መጀመሪያ ጥያቄውን ዝጉልኝ፣ ገንዘቡን እልካለሁ» ይላል። አትዝጉ። አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም።

ትራኪንጉ (የመላኪያው መከታተያ) «ደርሷል» ብሎ ዕቃው ካልመጣ፣ ባዶ ፖስታ በዚያው ዚፕ ኮድ (የአካባቢ ፖስታ ቁጥር) ውስጥ ወዳለ ሌላ ቤት የመላክ ማጭበርበር መኖሩን እወቁ። የአካባቢያችሁ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በትራኪንግ ቁጥሩ የተላከው ወደ የትኛው አድራሻ እንደነበርና ክብደቱ ስንት እንደሆነ አስጠይቁ፤ ወደ እናንተ አድራሻ እንዳልሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰጧችሁ ለኢቤይ አያይዙት። ሁሉ ነገር ካልተሳካ የክሬዲት ካርዱ ባንክ አለ፤ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ክፍያው ያለበት የሒሳብ መግለጫ ከተላከ 60 ቀን ነው። ሁለቱን በአንድ ላይ ግን አታስኬዱ፤ ባንክ ሲገባ ኢቤይ የራሱን ጉዳይ ይዘጋዋል።

መሸጡስ? ሻጭ ከሆናችሁ ብስጭቱ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ሒሳቡ። በ200 ዶላር የተሸጠ፣ 15 ዶላር የመላኪያ የተጠየቀበት፣ 12 ዶላር ታክስ የተጨመረበት ዕቃ ገዢውን 227 ዶላር ያስወጣዋል። የኢቤይ ኮሚሽን፣ በአብዛኞቹ ምድቦች ወደ 13 በመቶ ተኩል፣ የሚሰላው ከ227ቱ ላይ ነው፤ እናንተ እጅ የማይገባው ታክስ ጭምር ኮሚሽን ይቆረጥበታል። ከነ ጥቂት ሳንቲሙ 31 ዶላር ያህል ይሄዳል። ፖስታው በእርግጥም 15 ከፈጀ 169 ይቀራል። ለማስተዋወቂያ ደግሞ ተጨማሪ በመቶኛ ፈቅዳችሁ ከሆነ ከዚህም ይወርዳል። ትልቅና ቀላል ካርቶን ከሆነ መላኪያውን በሚዛን ብቻ አታስሉ። ፌዴክስ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በኢንች አባዝቶ ለ139 ያካፍላል፤ ያ ከሚዛኑ ከበለጠ የምትከፍሉት በዚያ ነው። 20 በ16 በ12 ኢንች የሆነ ካርቶን 5 ፓውንድ ቢመዝንም እንደ 28 ፓውንድ ይቆጠራል።

አሸንፎ የማይከፍል ገዢ ያጋጥማል። አራት ቀን ጠብቃችሁ በአምስተኛው ቀን «አልከፈለም» ብላችሁ ሰርዙ፤ ምክንያቱን በትክክል ከመረጣችሁ ኮሚሽኑ አይቆረጥባችሁም፣ እሱም ላይ ይመዘገባል። ገዢ ማገጃው ውስጥ ገብታችሁ፣ በ12 ወር ሁለት ጊዜ ሳይከፍል የቀረ ሰው እንዳይጫረት አድርጉ። ከ2008 ወዲህ ሻጭ ለገዢ መጥፎ ግምገማ መስጠት ስለማይችል፣ የቀራችሁ መከላከያ ይኸው ነው። ይህ ለሻጭ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

የከፋው ግን ጥሩውን ዕቃ ወስዶ የራሱን የተበላሸ የሚመልስ ገዢ ነው። ላፕቶፕ ስትሸጡ ሲሪያል ቁጥሩን፣ የሜሞሪውን ልክና የኤስኤስዲውን ቁጥር ስክሪን ላይ እየታየ ፎቶ አንሡ፤ ከታች በኩል በአልትራቫዮሌት እስክሪብቶ ትንሽ ምልክት አድርጉ። ሲታሸግ ከሚዛን ላይ እያለ ቪዲዮ ይቀረጽ፤ ተመልሶ የመጣውንም ካርቶን መዝናችሁ ክብደቱ ከሄደው ጋር መግጠሙን እዩ። መላክ ያለባችሁ ትእዛዙ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ብቻ ነው። ከከፈለ በኋላ «የአክስቴ ልጅ ጋ ላኩልኝ» ብሎ በመልእክት ሌላ አድራሻ የሚሰጥ ገዢ ካለ፣ ሽያጩ ተሰርዞ በትክክለኛው አድራሻ እንደገና ይግዛ፤ አድራሻ ከቀየራችሁ የሻጭ ጥበቃ አታገኙም። ጠቅላላው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የተቀባይ ፊርማ የሚጠይቅ አገልግሎት ግዙ። ትራኪንጉ «ደርሷል» ቢልም ያለ ፊርማ «አልደረሰኝም» የሚለው ገዢ ያሸንፋችኋል።